የእንግዳ ምላስ እንዴት ላስቴ ይሆናል?

በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲጓዙ በአንጎት በኩል አለፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጣቸው።) አንጎት ከላስታ ጎን፣ ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው አገር ያለ ነው። የአንጎቱ ራስ እንግዶቹን ጠርቶ ግብር አበላቸው። ጥሬ ሥጋ ቀረበ፤ ሐሞት የገባበት ማባያም አብሮ ቀረበ። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚያን ቀን ነገር ጽፎልናል። እንግዶቹ ሥጋውን መቅመስ ተሳናቸው፤ የራሳቸው ሰዎች ባገራቸው ወግ ያበሰሉላቸውን ዶሮ አስመጥተው በሉ። ጠጁ ሲዞር ግን ወደኋላ ያለ አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምትገርመኝ ያቺ ዶሮ ናት። ዶሮዋ ባትኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሰዎቹ እስከ 1526 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይተዋል። ስድስት ዓመት ምላስን ለመለወጥ ከበቂ በላይ ነው። ለምን አንዱ እንግዳ ይለወጣል፣ ሌላው ሳይለወጥ ይመለሳል?

መልሱን እዚያው ንጉሡ ሰፈር እናገኘዋለን። መልእክተኞቹ ከዚያ ሲደርሱ ያገራቸውን ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያን አገኙት። ይህ ሰው በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ለስለላ የላከው፣ ዐረብኛ የሚናገር፣ ካይሮንና ኤደንን አልፎ የህንድን ጠረፍ ያየ ተጓዥ ነበር። በ1490ዎቹ ኢትዮጵያ ሲገባ ዐፄ እስክንድር በክብር ተቀበሉት፤ ግን ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ናዖድ ደግሞ መውጫ ከለከሉት። መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። አልቫሬዝ ሲያገኘው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ኖሮ ነበር፤ ያገሩን ቋንቋዎች አሳምሮ ያውቃል ብሎም መስክሮለታል። መልእክተኞቹን ከቤተ መንግሥቱ ወግ ጋር ያስተዋወቃቸውም እርሱ ነው።

ሁለቱም ካንድ አገር የመጡ፣ ያንድ ሃይማኖት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ወገን ወጥ ቤቱን ጭኖ ይጓዝ ነበር። የኮቪልያ ወጥ ቤት ግን የሚስቱ ወጥ ቤት ነው፤ የሚበላው የተሠራውን ነው፣ የሚበላበትም ሰዓት ቤተሰቡ የሚበላበት ሰዓት ነው። እኔ እስካሁን ካነበብኩትና ካየሁት ሁሉ የማምነው ይህንኑ ነው፦ ሰው ባዕድ አገር ጣዕም የሚለምደው በድፍረት ወይም በፍላጎት ሳይሆን፣ የራሱ ወጥ ቤት ተዘግቶ በሌሎች ገበታ ላይ በሌሎች ሰዓት ሲቀመጥ ነው። ላስታ ይህን ለማየት ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስንወርድ ታዩታላችሁ።

አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ በ1966 መጨረሻና በ1967 መጀመሪያ አንዲት በቅሎ ይዛ የሰሜኑን ደጋ በእግሯ አቋርጣለች፤ ላሊበላንም አይታለች። ስንቋ ትንሽ ስለነበር የምታድረው ገበሬ ቤት፣ የምትበላው የተገኘውን፣ የምትጠጣው የቀረበላትን ጠላ ነበር። መጽሐፏን ያነበበ ሰው፣ ጥቂት ወራት ብቻ በቂ መሆናቸውን ያያል። ያቺ የአልቫሬዝ ዶሮ አብራት አልተጓዘችም።

እስቲ አሁን ወደ በርበሬው እንግባ፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።

ኮቪልያ ኢትዮጵያ ሲገባ ቀይ ወጥ አልበላም። መብላት አይችልም ነበር! በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ አትላንቲክን የተሻገረው ገና በ1492 ነው። ያኔ ያበሻ ወጥ የሚቃጠለው በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብል፣ በሰናፍጭና በመሳሰሉት ነበር። ስለዚህ ዛሬ «የኛ» የምንለው ያ ደማቅ ቀለም ራሱ በእንግድነት ገብቶ የቀረ ነው። አያቶቻችን አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀምሰውት ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

ማቃጠሉ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ የታወቀው ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1997 በነርቮቻችን ላይ ያለውን የሙቀት መቀበያ ለይተው አወጡ፤ በ2021 ጁሊየስ የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዚሁ ሥራ ነው። ያ መቀበያ ሙቀት ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ «ተቃጠልኩ» ብሎ መልእክት ይልካል። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለ ምንም እሳት ያንኑ በር ይከፍተዋል። አፋችን ውስጥ የደረሰ ጉዳት የለም፤ የተነገረን የሐሰት ወሬ ነው። ካፕሳይሲኑ ሲደጋገም ነርቮቹ ይደነዝዛሉ፤ ትናንት ያስለቀሰው ወጥ ከሳምንታት በኋላ የሚቻል ይሆናል።

መቻልና መውደድ ግን ይለያያሉ። ፖል ሮዚን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባው ጋር በ1980 ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠኝ። ሜክሲኮ፣ ኦሃካ ውስጥ አንድ መንደር ገብቶ ሕፃናት በርበሬን እንዴት እንደሚለምዱ ተመለከተ። ማንም አያስገድዳቸውም። ታላላቆቻቸው ሲበሉ ያያሉ፣ በትንሹ ይቀምሳሉ፣ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ራሳቸው ጨምሩልን ይላሉ። ከዚያ ሮዚን የመንደሩን ውሾችና አሳማዎች ተመለከተ። እነርሱም ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ ያለበት ትርፍራፊ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ምርጫ ሲሰጣቸው ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በርበሬ የሌለበትን አነሡ። አያችሁ? ምግቡ አንድ ነው፣ ድግግሞሹም አንድ ነው። ልጆቹን ከእንስሳቱ የለያቸው ገበታ ከበው ከሚወዷቸው ሰዎች ጋር መብላታቸው ነው።

ይህን ይዘን ወደ ላስታዋ ከተማ፣ ወደ ላሊበላ እንውጣ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ አተር በደንብ እስኪበስል ብዙ ማገዶ ይጨርሳል። የደጋው ሰው ይህን በቴርሞሜትር አልለካውም፤ ምግቡ ግን ያውቀዋል። ቆሎ ይቆላል፣ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፣ አተሩ ተቆልቶ ተከክቶ ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ይሆናል። ምጣድ ላይ የሚቆላ እህል ስለ ከፍታው ግድ የለውም፤ የተፈጨ ዱቄትም ቶሎ ይበስላል። ከቆላ አገር የመጣ እንግዳ ፓስታውንና ባቄላውን እንዳገሩ ለመቀቀል ሲታገል ይውልና፣ ሽሮው ቶሎ ሲደርስ ያየዋል። ብዙ ሰው ሽሮን የሚወደው በዚህ በር ገብቶ ይመስለኛል፦ ከወጥ ቤቱ ጋር መዋጋት ሲደክመው።

እንጀራው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ በዚያ ጊዜ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት አሲድ ነው ያን ኮምጣጣነት የሚሰጠው። ሰው በተፈጥሮው ጣፋጭን ይወዳል፣ ከኮምጣጣና ከመራራ ይሸሻል፤ ሕፃን ሳይቀር። ሮበርት ዛዮንክ በ1968 እንዳሳየው አንድን ነገር በተደጋጋሚ መገናኘት ብቻውን ወደዚያ ነገር ያቀርበናል። ሊያን በርች የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በ1980ዎቹ ከሕፃናት ጋር ሠርታ አንድ ወሳኝ ነገር ጨመረችበት፦ አዲስን ምግብ ማየት ብቻውን ምላስን አያላምድም፤ መቅመስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሆቴል ቁጭ ብሎ እንጀራን ለዓመት ያየ እንግዳ ገና አልጀመረም። በየቀኑ ትንሽ የሚቆርስ ግን መንገድ ላይ ነው። በደጋው ገብስና ስንዴ ስለሚበዛ የሚጋገረው ሁሉ ካዲስ አበባው ነጭ የጤፍ እንጀራ ጋር አንድ አይሆንም፤ ይህን ልዩነት የሚያጣጥም ፈረንጅ ካገኛችሁ ብዙ እንደቆየ በዚያ እወቁ።

ጠጁ ለምን ቀደመ? ጣፋጭ ስለሆነ። ላስታ የማር አገር ነው፤ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደከበቡት የሚናገረው ትውፊትም እዚሁ ይነገራል። የአንጎቱ ግብዣ ላይ እንግዶቹ ያለ ችግር የተቀበሉት ነገር የሕፃን ምላስ ሳይቀር የሚቀበለው ነው። የጌሾው ምሬት ማሩ ውስጥ ተደብቆ ይገባል፤ ጠጅ የለመደ ምላስ ጠላን ለመልመድ ግማሽ መንገዱን ሄዷል።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ ወደ ጾሙ። ላስታ ካልኩበት ምክንያት ትልቁ ይህ ነው።

በላሊበላ ቀን የሚቆጠረው በቤተ ክርስቲያን ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ሑዳዴ 55 ቀን ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ፤ ፍልሰታ አለ፣ የሐዋርያት አለ፣ ነነዌ አለ። የታዘዘውን ሁሉ የሚጾም ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይነካም፤ ካህናቱና መነኮሳቱ ከዚያም በላይ ይጾማሉ። ከዚህ ላይ ሰዓቱ አለ፤ በሑዳዴ ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም።

እንግዳው ጾመኛ መሆን የለበትም፤ ማንም አያስገድደውም። ግን ሑዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ጓደኞቹ ምሳ ላይ የሉም። ብቻውን ቁጭ ብሎ እንቁላል ጥብሱን ቢበላ እንኳ የሚያዋራው ሰው የለም። ጥቂት ቀን እንዲህ ይቆያል፤ ከዚያ ሳይወስን ሰዓቱን ያዘገየዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ የወጡት ሰዎች ሲቀመጡ አብሮ ይቀመጣል። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ስልጆው ይቀርባል። በባዶ ሆድ የቀረበ ምስር ወጥ ደግሞ ከቁርስ በኋላ ከሚቀርበው ምስር ወጥ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ረሃቡ፣ ሰዓቱና ሰዎቹ በአንድ ጊዜ አንድ ላይ ይሠራሉ። ሮዚን ሜክሲኮ ያገኘውን ነገር ላሊበላ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ትደግመዋለች።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጥ፤ ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤ ያልነካ ምላስ ላይ። ጾሙን ያልኖረበት ሰው ያንን ዶሮ ወጥ በልቶታል ለማለት አልደፍርም። ቱሪስት በጥቅምት መጥቶ የሚበላው ዶሮ ወጥ በእውነት ጥሩ ነው፤ ግን የዓመቱ ግማሽ ተቆርጦበታል።

የምላስ ነገር ይህን ያህል ከተባለ፣ ሰውነትስ? ይኼኛው በጣም ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱም አያውቀውም። ሰዓቱን ተመልከቱ። መጀመሪያ እንግዳው «ሦስት ሰዓት» ሲሉት በልቡ ስድስት እየደመረ ዘጠኝ ይላል። አንድ ቀን መደመሩን ይተዋል፤ ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት መሆኑ በራሱ ትርጉም ይሰጠዋል፣ በተለይ ቀኑ በኪዳንና በቅዳሴ ደወል በሚለካበት ከተማ። ሲጨብጥ ግራ እጁን ቀኝ ክንዱ ላይ ያደርጋል። ሽማግሌ ሲገባ ሳያስበው ብድግ ይላል፤ «ኖር!» ይላል፣ «በእግዜር!» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ጫማውን ለማውለቅ ማንንም አይጠብቅም። ጋቢ መደረብ የሚጀምረው ለፎቶ ነው፤ የሚቀጥለው ግን የላስታ ማታ ስለሚበርድ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ያ ወደ ውስጥ የሚሳበው እሺታ ነው። ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሲያወራ አድማጩ አየር ወደ ውስጥ በአጭሩ ስቦ «አዎ፣ ገብቶኛል» የሚልበት። ከኛ አገር ሰዎች ጋር የቆየ የውጭ ሰው ይህን ሳያውቅ ይዞት ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እናቱ «ምን ሆነህ ነው የምትደነግጠው?» ስትለው ነው የሚባንነው። ታንያ ቻርትራንድና ጆን ባርግ በ1999 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች አብሯቸው የተቀመጠውን እንግዳ ሰው እንቅስቃሴ ሳያውቁት ይደግማሉ፤ ፊቱን ቢያሻሽ ፊታቸውን ያሻሻሉ፣ እግሩን ቢያወዛውዝ እግራቸውን ያወዛውዛሉ። የሚደግማቸውን ሰውም ይበልጥ ይወዱታል። እንግዲህ ያ እሺታ ለእንግዳው የሚከፍትለትን በር አስቡት፤ ሳያስበው አየሩን ወደ ውስጥ ስቦ የመለሰላቸው ዕለት ባለቤቶቹ ልባቸው ይላላል።

ስለ ባለቤቶቹ ካነሣን፣ ላሊበላዎች እንግዳ በመቀበል የተካኑ መሆናቸውን መዘንጋት ስለ እንግዳው ብቻ ማውራት ይሆናል። ለገና ከሩቅ አገር በእግራቸው፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀው የሚመጡ ምእመናን ከተማውን ይሞሉታል። የከተማው ሰው የእንግዶቹን እግር ያጥባል፣ ቤቱን ይለቃል፣ ያለውን ያቀርባል። ይህን ለዘመናት ሲያደርግ የኖረ ሕዝብ የሩቅ ሰውን ወደ ገበታ እንዴት እንደሚያስገባ ያውቅበታል። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» የሚለው ልመና፣ ጉርሻው፣ ቡና ላይ አቦል ጠጥቶ ሊነሣ ያለውን «በረካ ሳትጠጪ?» ብሎ ማስቀረቱ፣ ይህ ሁሉ እንግዳውን ማስተማሪያ ነው። ብዙ ጊዜ «ፈረንጁ ለመደ» ይባላል። እኔ ግን አለመዱት ቢባል ደስ ይለኛል። የእትዬን ትዕግሥት፣ ለእንግዳው ሲባል መጀመሪያ ቀን በርበሬውን መቀነሷን፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀስ አድርጋ መመለሷን ማን ይጽፍላት?

ነገሩ በሁለቱም በኩል እንደሚሄድ ለማየት ደግሞ ከከተማው ጫፍ ወዳለው ቤን አበባ መውጣት ነው። ስኮትላንዳዊቷ ሱዛን አይችሰን የቤት ኢኮኖሚክስ መምህርት ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ ላሊበላ የመጣችው ለትምህርት ቤት ሥራ እገዛ ነው። ቀረች። ከላሊበላው ሀብታሙ ባዬ ጋር ሆና በ2011 ያን ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ልዩ ቅርጽ ያለው ምግብ ቤት ከፈቱ። ምግብ ዝርዝሩ ላይ ያበሻው ምግብ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በተፈጨ ሥጋ ላይ የተደቆሰ ድንች ተጋግሮ የሚቀርብበት የስኮትላንድና የእንግሊዝ የቤት ምግብ አለ። እርሷ የላሊበላን አኗኗር ለመደች፤ ወጥ ቤት ያሠለጠነቻቸው ወጣቶች ደግሞ የአያቷን አገር ድንች ለመዱ። ወጥ ቤቱ የጋራ ሲሆን የሚለምደው አንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ድንች ካልን ዘንድ አንድ ሌላ እንግዳ ልጥራ። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ በ1837 ወደ ትግራይ መጣ። አገባ፣ ወለደ፣ የእንትጮ አካባቢ ሹም ሆነ፣ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። አርባ ዓመት ማለት ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ እንደሆነ ይነገራል፤ የሚጠቀሰው ዓመት 1858 ነው። ዛሬ በሰሜኑ ደጋ ድንች ወጥ የሌለበት የጾም ገበታ ማሰብ ይከብዳል። ሰውየው ያገሩ ሰው ሆነ፤ ድንቹም ያገሩ ሆነ።

ቡናውም እንደዚሁ ነው፤ ይህ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና ለረጅም ዘመን የተነወረ መጠጥ ነበር፤ የእስላም መጠጥ ነው ይባል ነበር፣ ቤተ ክርስቲያንም ትከለክለው ነበር። ክልከላው የላላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ ዛሬ ላሊበላ ውስጥ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ እጣን አጭሳ እንግዳዋን በቡና የምታላምደው እመቤት፣ ቅድመ አያቷ ራሳቸው ቡናን እንደ ባዕድ ነገር ያዩት ሊሆን ይችላል። በዚህ ነገር ወሎ የታደለ አገር ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው ኖረዋልና ስኒው የሚሻገረው ደጃፍ ቅርብ ነበር።

ወደ ጥሬ ሥጋው ልመለስ፤ ሸሽቼው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈውን ብዙ አንባቢ ውሸት ነው አለው። አልቫሬዝ ደግሞ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ካየ በኋላ የሚያምነኝ የለም ብሎ መጻፉን አሳጥሮታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር! ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍም ጽፎ ሥዕሉን አሳትሟል፤ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያምረው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ያገኘዋል፤ ስለዚህ የድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶን አበባ ወቅጦ ይጠጣ ነበር። ኮሶው የሚበቅለው እዚያው ደጋ ላይ ነው። አንድን አገር ጣዕም መልመድ ማለት መድኃኒቱንም፣ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ቀንም መልመድ ነበር። ዛሬ ኮሶ የሚጠጣ ብዙ የለም፣ ሐኪምም ጥሬ ሥጋን አይመክርም፤ ስለዚህ በዚህ አንድ ጉዳይ ከነ አልቫሬዝ ጋር የቆመ እንግዳ ላይ አትፍረዱበት። ላስታ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ ጥሬ ሥጋ ያልነካ ሰው ከላስቴነቱ የሚጎድልበት ነገር ለኔ አይታየኝም።

የለመደ ምላስ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይሆናል? ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ከጤፍ ጋር ተዋወቀ። ሲመለስ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ አሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም መሸጥ ቀጠለ። ከዚያ በፊት የኛ ሰዎች እዚያ እንጀራ ለመሥራት የተገኘውን ዱቄት ሁሉ ሲያቀላቅሉ ነበር፤ ምላሳቸው ባዕድ አገር እየለመደ ሳለ የራሳቸውን ለማቆየት። አሁን ዋሽንግተን ያለ የላስታ ልጅ የሚቆርሰው እንጀራ ጤፉ የአይዳሆ ሊሆን ይችላል።

እናንተም ልትሞክሩት ብታስቡ፣ አገሩ ሰላም ሲሆን፣ ለገና ብቻ ሄዳችሁ አትመለሱ። ገና ግሩም ነው፤ ግን በሕዝብ ብዛት መካከል ገበታ ለመልመድ ጊዜ አታገኙም። በሑዳዴ አጋማሽ ድረሱ፣ ሰው ቤት ተከራዩ፣ ቅዳሜ ገበያ ውጡና ባለቤቲቱ የምትገዛውን ሽሮና ምስር ተሸክማችሁ ተመለሱ፣ ምሳችሁን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግፉት። መክሰስ የሚሆን ብስኩት ሻንጣችሁ ውስጥ አታስቀምጡ። ለፋሲካም እዚያው ቆዩ፤ ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ሲወጣ በየትኛው ሰዓት መነሣት እንዳለባችሁ የቤቱ ልጆች ይነግሯችኋል።